ተጨማሪ መረጃ፦ በካሜራ ሌንስ ላይ የተጻፈው ቁጥር

በዚህ ምዕራፍ ስለ ሰብሳቢ ሌንስ ተምራችኋል። ይህ እውቀት ለዲጂታል ካሜራ ሌንስ ስትመርጡም ይጠቅማችኋል። በሌንሱ ጠርዝ ላይ «50 ሚ.ሜ» ወይም «18–55 ሚ.ሜ» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ይህ የሌንሱ የትኩረት ርቀት ነው።

የትኩረት ርቀት፦ እጅግ ሩቅ ከሆነ ነገር የመጣ ብርሃን ሌንሱን አልፎ የሚሰበሰብበት ነጥብ ከሌንሱ ማዕከል ያለው ርቀት።

የምስል መቀበያው 36 × 24 ሚ.ሜ በሆነ ካሜራ ላይ የ24 ሚ.ሜ ሌንስ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 84 ዲግሪ ያህል ያሳያል፤ የ200 ሚ.ሜ ሌንስ ግን 12 ዲግሪ ያህል ብቻ። ስለዚህ ለተራራ ሰንሰለት ወይም ለጠባብ ክፍል አጭሩ፣ ዛፍ ላይ ላረፈች ወፍ ረጅሙ ይመረጣል። ረጅም ሌንስ ግን የእጅን መንቀጥቀጥም ያጎላል። በዚህ ምክንያት ከተጨማሪ ዕቃዎች መካከል ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።

ሞክሩ፦ ከመስኮት ፊት ለፊት ነጭ ወረቀት ያዙ። በወረቀቱና በመስኮቱ መካከል የማጉያ ሌንስ አድርጉና የሩቅ ዛፍ ምስል ወረቀቱ ላይ እስኪጠራ ድረስ ሌንሱን አስጠጉ፣ አርቁ። ከሌንሱ እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ፤ ይህ የሌንሱ የትኩረት ርቀት ግምት ነው። ምስሉ ለምን ተገለበጠ? ጥንቃቄ፦ በሌንስ ፀሐይን ፈጽሞ አትመልከቱ።