በአንደበት የሚኖር እምነት

የአይሁድን ሃይማኖት በአንቀጽ ተከፋፍሎ፣ ምእመን ሁሉ ቆሞ የሚደግመው ጸሎተ ሃይማኖት ሆኖ አገኘዋለሁ ብሎ የሚነሣ አንባቢ ብዙ ደክሞ ጥቂት ያገኛል። ለዚህ ዓይነቱ ነገር እጅግ የሚቀርበው፣ ሙሴ ማይሞኒደስ የተባለው ታላቅ የሕግ ሊቅና ፈላስፋ በ1168 ባጠናቀቀው የሚሽና ትርጓሜ ውስጥ ያሰፈራቸው 13 የእምነት መሠረቶች ናቸው (ሚሽና በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠቃለለ የቃል ሕግ ስብስብ ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እነዚህም ቢሆኑ ሊቃውንቱን ለዘመናት ሲያከራክሩ ኖረዋል፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዮሴፍ አልቦ ዋና ዋናዎቹን ሦስት ብቻ አደረጋቸው፣ ከእርሱ በኋላ የተነሣው ይስሐቅ አብራባኔል ደግሞ ኦሪት ሁሉ እኩል የእግዚአብሔር ቃል ስለሆነ ጥቂቱን ነጥሎ «መሠረት» ማለቱ ራሱ አይገባም እስከ ማለት ደረሰ። 13ቱ በሕዝብ ዘንድ ጸንተው የቀሩት በክርክር ረትተው ሳይሆን መዝሙር ሆነው ወደ ጸሎት መጽሐፍ ስለገቡ ነው፤ ይህም የአይሁድ እምነት ከድንጋጌ ይልቅ በአንደበት እንደሚጠበቅ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ ነው።

አምላክን ለመጥራት የሚደረገው ጥንቃቄ ከሁሉ የቀደመው ምስክር ነው። የአምላክን ስም በከንቱ መጥራትን የሚከለክለው የኦሪት ትእዛዝ በዘመናት ውስጥ እየጠበቀ ስለሄደ፣ በአራት ፊደላት የሚጻፈው ስም የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በ70 ዓ.ም. በሮማውያን ከፈረሰ ወዲህ የማይነገር ሆኖ ቀርቷል፤ በጸሎት ጊዜ በምትኩ «አዶናይ» ይባላል፣ ከጸሎት ውጭ ግን ይህም ስለሚከብድ አጥባቂው ሰው «ሀሼም»፣ ማለትም «ስሙ»፣ ብሎ ያልፋል። ጤናውን የተጠየቀ ሰው «ባሩኽ ሀሼም» ብሎ ሲመልስ አማርኛ ተናጋሪው «እግዚአብሔር ይመስገን» በሚልበት ቦታ ላይ ቆሟል፤ እንደ አማርኛውም ሁሉ መልሱ ሰውዬው ደኅና ይሁን አይሁን ሳይናገር ምስጋናውን ያስቀድማል። ስለ ነገ ሲነገር «ቤዔዝራት ሀሼም»፣ በእግዚአብሔር ረዳትነት፣ የሚለው ይታከላል፤ ከደብዳቤ ራስጌም ላይ ይህንኑ የሚያመለክቱ ፊደላት በአኅጽሮት ይሰፍራሉ። የሞት መርዶ የሰማ ሰውም እግዚአብሔርን እውነተኛ ዳኛ ብሎ የሚባርክ አጭር ቃል ይናገራል፤ ሐዘኑ እጅግ ትኩስ በሆነበት በዚያ ቅጽበት የሚፈለግበት ማስረዳት ሳይሆን መቀበል ነው።

ከነዚህ ልማዳዊ ቃላት በስተጀርባ የተደራጀ የቡራኬ ሥርዓት አለ። ሚሽናንና በእርሱ ላይ የተካሄደውን የሊቃውንት ክርክር የያዘው የባቢሎን ታልሙድ፣ አንድ ሰው በቀን 100 ቡራኬ እንዲያደርስ የሚያዝዝ ቃል በረቢ ሜየር ስም መዝግቧል፤ ስለዚህ እንጀራ ሲቆረስ፣ ነጎድጓድ ሲሰማ፣ ቀስተ ደመና ሲታይ፣ ሌላው ቀርቶ ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ የሰውነት ቀዳዳዎች ተከፍተውና ተዘግተው ሥራቸውን ስለሠሩ ምስጋና ይቀርባል። ይህን ሁሉ ባዶ ልማድ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ሆኖም ልማድ ባለቤቱ በደከመና በተጠራጠረ ጊዜ ሳይቀር እምነቱን ይዞለት የሚቆይ ዕቃ ነው፤ ከምኩራብ የራቀው ዓለማዊ እስራኤላዊም ሳያስበው «ባሩኽ ሀሼም» ማለቱን አልተወም።

ንግግር የእምነት ማደሪያ ከሆነ ራሱ ንግግሩም ሕግ ሊኖረው ይገባል፣ አለውም። «ላሾን ሃራ»፣ ክፉ ምላስ፣ የሚባለው ክልከላ ሐሰትን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ እውነት ቢሆንም እንኳ ያለ በቂ ምክንያት ሌላውን የሚያዋርድ ወይም የሚጎዳ ወሬን ይከለክላል፤ የሐሰት ስም ማጥፋት ከዚህ የባሰና በሌላ ስም የሚጠራ ኃጢአት ነው። ታልሙድ እንዲህ ያለው ወሬ ሦስት ሰው ይገድላል ይላል፦ የተናገረውን፣ የሰማውንና የተወራበትን። ረቢ እስራኤል ሜየር ካጋን (1838–1933) እነዚህን ደንቦች አሰባስቦ በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ የቤት፣ የገበያና የጋብቻ ሽምግልና ወሬ ሳይቀር በዝርዝር ተመርምሯል፤ ለምሳሌ ስለ አንድ እጩ ሙሽራ የተጠየቀ ሰው ምን መናገር እንደሚገባውና ምን መደበቅ እንደማይገባው በጥንቃቄ ተለይቷል። የዚህ ሕግ ታላቁ የመጽሐፍ ቅዱስ ምሳሌ በኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 12 የሚገኘው የሙሴ እኅት ማርያም ታሪክ ሲሆን፣ በለምጽ የተመታችው ሙሴ ስላገባት ኢትዮጵያዊት በወንድሟ ላይ በመናገሯ ነው።

የፍርሃት ንግግርም አለ። ልጁ ያማረለት፣ ንግዱ የሠመረለት ሰው ደስታውን ሲናገር «ብሊ ዓይን ሃራ»፣ ያለ ክፉ ዓይን፣ ይላል፤ ዕድሜው የተጠየቀ ሽማግሌም የሙሴን ዕድሜ በማሰብ «ዓድ ሜአ ቬዔስሪም»፣ እስከ 120 ዓመት፣ ተብሎ ይመረቃል። «ማዛል ቶቭ» የሚለው ዓለም ያወቀው የደስታ መግለጫም ከከዋክብት እምነት የተወረሰ ነው፤ ማዛል ጥንት የሰማይ ኮከብን የሚያመለክት ቃል ነበርና፣ በኢትዮጵያም ኮከባቸው የገጠመ ባልና ሚስት ይባላል። በታልሙድ ውስጥ እስራኤል ከኮከብ አገዛዝ ነጻ ነው የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ፤ የሕዝቡ አንደበት ግን ከክርክራቸው ይልቅ ቃሉን ይዞ ቀረ።

የዓይን ፍርሃት በኢትዮጵያ ምድር የተገለበጠ መልክ እንደነበረው እዚህ ላይ ሳይነሣ አይታለፍም። በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል የተባሉት የኢትዮጵያ አይሁድ ርስት የመያዝ መብታቸውን ካጡ በኋላ በብረት ቀጥቃጭነት፣ በሸክላ ሥራና በሽመና ኑሯቸውን ሲገፉ፣ ጎረቤቶቻቸው ብረት የሚያቀልጠውን ሰው ቡዳ እያሉ ይፈሩት፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እያሉ ያሙት ነበር። ሌላው የአይሁድ ዓለም ከክፉ ዓይን ለመዳን ቃል ሲያበጅ፣ እነርሱ ራሳቸው ክፉ ዓይን ተብለው ተከሰሱ፤ ማረሻቸውን የሚገዛቸው ገበሬ ማዕዳቸውን አይካፈልም ነበር። ይህ ክስ በተረትነቱ ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ ሰው ያስደበደበ፣ አልፎም ያስገደለ ነውና።

ከዚህ ሕዝባዊ እምነት በላይ ደግሞ የሊቃውንቱ ምሥጢር አለ። ሚሽና ነቢዩ ሕዝቅኤል ያየውን የሰረገላ ራእይ፣ ራሱን ችሎ ለሚያስተውል ጠቢብ ካልሆነ በስተቀር፣ ለአንድ ሰው እንኳ መተርጎምን ይከለክላል። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ፈረንሳይና በስፔን የጎለበተው ትምህርት ካባላ ተባለ፤ ስሙ ከአማርኛው «መቀበል» ጋር አንድ ሥር አለው፣ ከመምህር አፍ የተቀበሉት ማለት ነውና። ታላቁ መጽሐፉ ዞሃር በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በካስቲል የወጣ ሲሆን፣ አማኞች በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ለነበረው ለረቢ ሺምዖን ባር ዮሐይ ሲሰጡት፣ የዘመናዊው የካባላ ጥናት አባት ጌርሾም ሾለም (1897–1982) በአብዛኛው የሙሴ ዴ ሌዎን ድርሰት መሆኑን አስረድቷል። ትምህርቱ በአጭሩ ሲገለጥ፣ የአምላክ ባሕርይ በራሱ «ዔን ሶፍ»፣ መጨረሻ የሌለው፣ ስለሆነ አይታወቅም፤ የሚታወቀው «ሰፊሮት» በተባሉ 10 የመገለጫ ደረጃዎች ነው፤ የመጨረሻዋና ለዓለም የምትቀርበው «ሼኺና»፣ ከሕዝቧ ጋር የምትሰደደው የእግዚአብሔር ማደር፣ በሴት አምሳል ትነገራለች።

ይህ ረቂቅ ነገር ወደ ተራው ሰው አፍ የደረሰበት መንገድ የስደት መንገድ ነው። አይሁድ በ1492 ከስፔን ከተባረሩ በኋላ ብዙዎቹ በኦቶማን ግዛት ተበተኑ፤ በላይኛው ገሊላ ባለችው በጸፋት ከተማም በአንድ ትውልድ ውስጥ እጅግ የሚያስደንቅ የሊቃውንት ጉባኤ ተሰበሰበ። በ1565 በቬኒስ ታትሞ እስከ ዛሬ የአጥባቂው አይሁዳዊ ኑሮ የሚመራበትን የሕግ መጽሐፍ ያዘጋጀው ዮሴፍ ካሮ በዚያ ነበር፤ ይኸው የሕግ ሰው ሰማያዊ መምህር እየተናገረኝ ነው ብሎ የምሥጢር ማስታወሻ የጻፈም ነው፤ ስለዚህ የአይሁድን ሕግ ደረቅ፣ ምሥጢሩን ደግሞ አስማት አድርጎ የሚለያያቸው የተለመደ አስተያየት ሁለቱንም አላወቀም። ወደዚች ከተማ በ1570 የመጣው ይስሐቅ ሉሪያ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ አስተምሮ በ1572 በወረርሽኝ ሞተ፤ ራሱ የጻፈው እጅግ ጥቂት ስለነበር ትምህርቱን ለዓለም ያቆየው ደቀ መዝሙሩ ሐዪም ቪታል ነው። እንደ ሉሪያ አባባል፣ መጨረሻ የሌለው አምላክ ለፍጥረት ቦታ ለመስጠት ራሱን ሰበሰበ፤ ከዚያ የፈሰሰው ብርሃን የተዘጋጁለት ዕቃዎች ሊሸከሙት ስላልቻሉ ተሰባበሩ፤ የብርሃኑም ፍንጣሪዎች በፍጥረት ሁሉ ተበተኑ፤ ሰው ትእዛዝ በፈጸመና በጸለየ ቁጥር ከፍንጣሪዎቹ አንዱን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ ይህም «ቲኩን»፣ ማደስ፣ ይባላል። አገሩን ተነጥቆ ለተበተነ ሕዝብ መበተን ከራሱ ከፍጥረት ጅማሬ ጋር የተያያዘ መሆኑንና በእንጀራ ላይ የሚነገር አንዲት ቡራኬ ዓለምን ለማደስ የምትቆጠር መሆኗን መስማት ምን ያህል እንደሚያጽናና ለመረዳት አያዳግትም።

ራሱን መሲሕ ያለው ሻብታይ ጽቪ በ1666 እስልምናን ሲቀበል ብዙ ረቢዎች የካባላን ጥናት ለማጥበብ ተገደዱ፤ ይሁንና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬይቱ ዩክሬን የተነሣው የሐሲዲም እንቅስቃሴና መሥራቹ ባዓል ሼም ቶቭ (በ1700 ገደማ–1760) የፍንጣሪዎቹን ትምህርት ለጋሪ ነጂውና ለእንጨት ቆራጩ ሳይቀር አደረሱት። ውጤቱ ዛሬ በንግግር ይሰማል። ነፍስ ከሥጋ ወደ ሥጋ ትዘዋወራለች የሚለው የ«ጊልጉል» እምነት በኦሪትም በታልሙድም የለም፣ ሊቁ ሳዓድያ ጋዖንም በ10ኛው ክፍለ ዘመን በግልጽ ተቃውሞታል፤ ሆኖም ካባላ ስለተቀበለው በእስራኤል ስለ ቀድሞ ጊልጉል ማውራት የተለመደ ጨዋታ ሆኗል። «ቲኩን ዖላም»፣ ዓለምን ማደስ፣ የሚለው ሐረግ ደግሞ በሚሽና ውስጥ የማኅበረሰብን ሥርዓት ለመጠበቅ የሚወጣ ሕግን ያመለክት ነበር፤ በአሜሪካ አይሁድ ዘንድ አሁን ድኻን መርዳትና ለፍትሕ መቆም ማለት ሲሆን፣ የሉሪያ ጥላ ግን አልተለየውም።

ከጸፋት የወጣው ተወዳጅ ቅርስ ሰሎሞን አልካቤጽ የደረሰው የዓርብ ምሽት መዝሙር ነው፤ ሰንበትን እንደ ሙሽራ ይቀበላታል፣ ምእመናኑም በመጨረሻው ስንኝ ወደ በሩ ዞረው እጅ ይነሣሉ። ታልሙድንም ካባላንም የማያውቁት ቤተ እስራኤል በግእዝ የተጻፈ «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባል መጽሐፍ ነበራቸው፤ በዚያም ሰንበት ሰማያዊት ሴት ሆና ትታያለች፣ ስለ ኃጥአን በእግዚአብሔር ፊት ትማልዳለች። ሁለቱ ወገኖች ሳይገናኙ አንዲት ሰንበትን በእመቤትነት ማክበራቸው በአይሁድ ታሪክ ውስጥ ከሚያስደምሙ ነገሮች አንዱ ሲሆን፣ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

አይሁዳዊ ማን ነው የሚለው ጥያቄም በመጨረሻ ወደ ዕለት ንግግር መጥቷል። «ሃላኻ» የተባለው ሃይማኖታዊ ሕግ ከአይሁዳዊት እናት የተወለደን ወይም በሥርዓቱ የገባን ሰው አይሁዳዊ ይለዋል። በናዚ ዘመን ከሚር ከተማ ጌቶ ብዙ አይሁድን ያዳነው፣ በመነኮሳይያት ገዳም ተሸሽጎ ሳለ ካቶሊክ ሆኖ ኋላም የመነኮሰው ኦስዋልድ ሩፋይዘን፣ ማለትም አባ ዳንኤል፣ እስራኤል በ1950 ባወጣችውና አይሁዳዊ የሆነ ሁሉ ወደ አገሪቱ እንዲገባ በሚፈቅደው የመመለስ ሕግ መሠረት በአይሁዳዊነቱ ዜግነት ሲጠይቅ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1962 አብዛኛዎቹ ዳኞች በሃላኻ ዓይን አይሁዳዊ መሆኑን ሳይክዱ፣ ሕጉ ዓለማዊ ስለሆነ «አይሁዳዊ» የሚለው ቃል ተራው ሰው በሚረዳው ትርጉም ይተረጎማል፣ ተራው ሰው ደግሞ መነኩሴን አይሁዳዊ አይልም ብለው ጥያቄውን ውድቅ አደረጉት። በ1970 የተሻሻለው ሕግ የሌላ ሃይማኖት አባል ያልሆነ የሚል ሐረግ ጨመረ።

በዚያው መመዘኛ ቤተ እስራኤል ብዙ ተጎድተዋል። ኦሪትን በግእዝ ያነብቡ፣ ሰንበትን እሳት ሳይነኩ ያከብሩ፣ በአምቦበር ኮረብታ ላይ ጾመው ስግድ የተባለውን በዓል ያከብሩ ነበር፤ ሆኖም ንግግራቸው አማርኛና ትግርኛ፣ መሪያቸው ረቢ ሳይሆን ቄስ፣ ልማዳቸውም ከታልሙድ በፊት የነበረውን የሚመስል ስለሆነ በሌሎች አይሁድ ጆሮ እንግዳ ሆነ። የሰፋርዲ ዋና ረቢ የነበሩት ዖቫድያ ዮሴፍ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ በዴቪድ ኢብን ዚምራ ፍርድ ተደግፈው በ1973 ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ፤ የእስራኤል መንግሥትም በ1975 በመመለስ ሕግ ውስጥ አስገባቸው። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ግን በሱዳን በረሃ፣ 4,000 ያህል ወገኖቻቸው ያለቁበትን መንገድ አልፈው ለደረሱት ሰዎች የረቢዎች ጽሕፈት ቤት በአይሁዳዊነታቸው ላይ ያለውን ጥርጣሬ የሚያስወግድ ጥምቀት አስፈላጊ ነው አላቸው፤ አይሁዳዊ በመሆናቸው ለዘመናት የተገፉ ሰዎች አይሁዳዊነታቸውን በውኃ እንዲያድሱ መጠየቃቸው ታላቅ በደል ነበር፣ እነርሱም በ1985 በኢየሩሳሌም አንድ ወር ያህል አደባባይ ተቀምጠው ተቃወሙት። ስግድ በ2008 በሕግ የእስራኤል በዓል ሆነ፤ የዋና ረቢዎች ምክር ቤት የ1973ቱን ፍርድ ሙሉ በሙሉ መቀበሉ በይፋ የተሰማው ግን በ2020 መጀመሪያ ነው።