ወተት ተበረዘ የሚባለው መቼ ነው?

ወተት ቀጥኖ ሲገኝ ገዢው ወዲያው «ውሃ ጨምራበታለች» ብሎ ሻጪዋን ይጠረጥራል። ጥርጣሬው እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሐሜት ብቻ ሆኖ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ነገሩ ከዳኛ ፊት ቢደርስ ግን ዓይንና ምላስ አይበቁም። እኛ በመካነ ሰላም የምንማር ሁሉ፥ የትምህርታችን ዓይነት ምንም ቢሆን፥ ሕግ ወተትን በምን እንደሚመዝን ማወቅ ይገባናል። ባልጠራ ውሃ የተበረዘ ወተት ሕፃን ያሳምማል፤ ያለ ማስረጃ የተሰነዘረ ክስም የአንዲትን እናት ስምና እንጀራ ያጠፋል።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 527 ጤናን ሊጎዳ በሚችል አኳኋን ምግብን መበረዝንና መሸጥን ይቀጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112ም የተበረዘ ምግብ ለገበያ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ንጹሕ ወተት ምን ያህል ቅባት እንዳለው በቁጥር የሚናገረው ግን የደረጃ ሰነድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ለላም ጥሬ ወተት የወጣው የኢትዮጵያ ደረጃ ቅባቱ ከ3.5 በመቶ እንዳያንስ ወስኖ ነበር።

ታዲያ ይህ ቁጥር ብቻውን በቂ ነውን? አይደለም። የአገራችን ላም ወተት ቅባቱ ብዙ ስለሆነ 5 በመቶ ቢደርስ አያስደንቅም። በእንዲህ ያለ ወተት 10 ኩባያ ላይ 1 ኩባያ ውሃ ብንጨምር ቅባቱ ወደ 4.5 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ከደረጃው በላይ ስለሆነ ያልፋል።

በላክቶሜትር ክብደቱን ብንለካስ? አንድ ሊትር ንጹሕ ወተት በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ1026 እስከ 1032 ግራም ገደማ ይመዝናል። ወተታችን 1030 ግራም ከነበረ ከውሃው በኋላ ወደ 1027 ይወርዳል፤ አሁንም ያልፋል። ከዚህም በላይ ስልባቦቱ ሲገፈፍ ወተቱ ይከብዳል፥ ውሃ ሲጨመርበት ይቀላል፤ ሁለቱንም ያደረገ ሰው መሣሪያውን ሊያታልል ይችላል።

ውሃን በይበልጥ የሚያጋልጠው ወተቱ የሚረጋበት ቅዝቃዜ ነው። ንጹሕ ወተት ወደ በረዶነት የሚለወጠው ከዜሮ በታች 0.53 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ያች አንድ ኩባያ ውሃ ይህን ወደ 0.48 ታደርሰዋለች፤ በዚህ ጊዜ ተንኮሉ ይታወቃል።

ቁጥር በዳዩን እንደሚያሳልፍ ሁሉ ንጹሑንም ሊከስ ይችላል። በቦረናና በሳይንት ደጋ እንደ ልማዳችን ጥጃው አስቀድሞ ይጠባል፥ ላሚቱም ከታለበች በኋላ የቀረው ይተውለታል። ዳሩ ግን ቅባት የሚበዛው በመጨረሻው ወተት ነው፤ መጀመሪያ የሚወርደው ቀጭን ነው። ስለዚህ ለጥጃው ያዘነች አላቢ አንዲት ጠብታ ውሃ ሳትጨምር ቀጭን ወተት ይዛ ከተማ ልትወጣ ትችላለች። በበጋም ጭድ ብቻ የምትበላ ላም ወተት ከቅባት ሌላ ያለው ጠጣር ነገር ይቀንሳል።

ይህ ችግር በሌላም አገር ታይቷል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1901 የወጣው ደንብ ቅባቱ ከ3 በመቶ፥ ሌላው ጠጣር ነገር ከ8.5 በመቶ ያነሰ ወተት ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ እንዳልሆነ ይገመት ዘንድ አዘዘ። ቁጥሩ ፍርድ ሳይሆን ግምት ብቻ ነበር፤ ተከሳሹ ሊያፈርሰው ይችላል። ማፍረሻውም ላሚቱን በምስክር ፊት አልቦ ወተቱን ከተያዘው ጋር ማነጻጸር ነው። እንግሊዞች ይህን «ወደ ላሚቱ ይግባኝ ማለት» ይሉታል።

እንግዲህ እኛ የምንለው ይህን ነው። ቁጥር ምርመራን ይጀምር እንጂ ፍርድን አይጨርስ። ቅባቱ፥ ክብደቱና የሚረጋበት ቅዝቃዜ አብረው ይለኩ፤ ጥርጣሬ ከቀረም ላሚቱ በምስክር ፊት ትታለብ። ለዚህ የሚያስፈልገው የራሳችን ደጋ ላሞች በክረምትና በበጋ ምን ዓይነት ወተት እንደሚሰጡ የሚያሳይ መዝገብ ነው። ላክቶሜትር ውድ ዕቃ አይደለም፤ የኬሚስትሪ፥ የእርሻና የሕግ ተማሪዎች ተባብረን ሥራውን ብንጀምረው ለሻጪዋም፥ ለገዢውም፥ ለዳኛውም እንጠቅማለን።