ካውቦይ ቢባፕ፦ ጠፈር፣ ቡጢና ያልተቋጨ ፍቅር

ዘመኑ 2071 ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የፕላኔቶችን መንገድ ለማሳጠር የተሠራ የጠፈር በር አደጋ ደርሶበት ጨረቃን ገምሷታል። ስብርባሪዋ ዛሬም ምድር ላይ ስለሚዘንብ፣ የቻለ ሁሉ ወደ ማርስ፣ ወደ ቬነስና ወደ ጁፒተር ጨረቃዎች ተሰዷል። ሕዝቡ ሲበተን ወንጀለኛውም አብሮ ተበተነ፤ ፖሊስ ይህን ሁሉ ሰማይ ማዳረስ አልቻለም። ስለዚህ በሚፈለግ ሰው ራስ ላይ ገንዘብ ይቆረጣል፤ በሕይወት ይዞ ያስረከበውም ክፍያውን ይቀበላል። በዚህ ሥራ የሚተዳደሩት «ካውቦይ» ይባላሉ። ቢባፕ ደግሞ ከእነሱ መካከል አንድ ቡድን የሚኖርባት፣ ድሮ ዓሣ ይጠመድባት የነበረች አሮጌ የጠፈር መርከብ ናት።

ሰንራይዝ የተባለው የጃፓን ስቱዲዮ በዚህ ዓለም ላይ 26 ክፍል ያለው አኒሜ (የጃፓን የሥዕል ፊልም) ሠራ፤ መታየት የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ዳይሬክተሩ ሺኒቺሮ ዋታናቤ፣ ዋና ጸሐፊዋ በ2021 ያረፈችው ኬይኮ ኖቡሞቶ፣ ገጸ ባሕርያቱን የነደፈው ቶሺሂሮ ካዋሞቶ፣ የሙዚቃው ባለቤት ዮኮ ካኖ ናቸው። ሥራው የድሮ የጠፈር ጀብዱ፣ የማርሻል አርት ፊልም፣ የወንጀል ታሪክና የፍቅር ታሪክ በአንድነት የያዘ ነው። ይህን ያህል ነገር የደባለቁ ሥራዎች ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም አንዱ ሌላውን እያጨናነቀው ከመንገድ ቀርተዋል። ካውቦይ ቢባፕ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎትም የማይደበዝዝበት ምክንያት አለው፦ የተደባለቀው እያንዳንዱ ወገን ሌላው ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ይሠራል።

ከጠፈሩ እንጀምር። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በርካሽ ወረቀት የሚታተሙ፣ ሽፋናቸው በደማቅ ቀለም የተሳለ የታሪክ መጽሔቶች ነበሩ። ሁጎ ጌርንስባክ በ1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ»ን ሲጀምር ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የራሱን ቤት አገኘ። ከዚያ ሠፈር ከወጡት ጸሐፊዎች ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ የቢባፕን ዘር ሐረግ ለሚፈልግ ሰው ከእነሱ የተሻለ መነሻ የለም። ሲ. ኤል. ሙር በ1933 ኖርዝዌስት ስሚዝ የሚባል ሰው ፈጠረች፤ ማርስ ላይ የሚንከራተት፣ ሽጉጥ የታጠቀ፣ ከሕግ ጋር የማይስማማ ሰው። ሊ ብራኬት ደግሞ ማርስንና ቬነስን በድሮ ከተሞችና በተሸነፉ ጀግኖች ሞላቻቸው። ይህችው ብራኬት «ዘ ቢግ ስሊፕ» ለተባለው የ1946 የወንጀል ፊልም ጽሑፍ ከጻፉት አንዷ ናት፤ ከመሞቷ በፊት ደግሞ በ1980 ለወጣው «ዘ ኤምፓየር ስትራይክስ ባክ» የመጀመሪያውን ረቂቅ ጽፋለች። ጠፈርና የወንጀል ታሪክ በአንዲት ሴት እጅ ላይ ተገናኝተው ነበር ማለት ነው። የቢባፕ ዋና ሰው ስፓይክ ስፒገል የእነዚህ ተንከራታቾች የልጅ ልጅ ነው።

እነዚያ የድሮ ታሪኮች ለዋታናቤ የሰጡት ትልቁ ነገር ነጻነት ይመስለኛል። በእነሱ ዓለም ማርስ ላይ እንዴት እንደሚተነፈስ ሲብራራ ጊዜ አይጠፋም፤ ማርስ ከተማ ነው፣ በቃ። የቢባፕ ማርስ የቻይና ምግብ የሚሸጥበት፣ የአረብኛና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በየግድግዳው የተለጠፈበት፣ መጠጥ ቤቱ በጭስ የታፈነ ከተማ ነው። ሠዓሊዎቹ ጠፈሩን ያሳዩን በዝገቱ በኩል ነው። በመጀመሪያው ክፍል የመርከቧ ባለቤት ጄት ብላክ ምሳ ሲሠራ እናያለን፤ ቃሪያ በስጋ ነው ይላል፤ ስጋው ግን የለም፣ ገንዘብ አልቋል። ድህነት ወደ ጠፈርም ተሳፍሮ እንደሄደ በአንድ ድስት ተነገረን።

በዚሁ ክፍል፣ ጄት ምሳውን ሲሠራ፣ ስፓይክ ጨለምለም ባለ ክፍል ውስጥ ብቻውን ልምምድ ላይ ነው። ገና ምንም አልተናገረም፤ እግሩና እጁ ግን ማን እንደሆነ እየነገሩን ነው። የሚለማመደው ጂት ኩን ዶ ነው፣ ብሩስ ሊ በ1967 የመሠረተው ስልት። ብሩስ ሊን ለእኛ አገር ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ በየቪዲዮ ቤቱ ተጋፍቶ ያላየው፣ አይቶም ሲወጣ ጓደኛውን በእርግጫ ያልሞከረ ልጅ ጥቂት ነው። ስልቱን ግን ጥቂት ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሊ ከዊንግ ቹን (የቻይና ኩንግ ፉ ዓይነት)፣ ከቦክስና ከሻሞላ ውጊያ የሚጠቅመውን ወስዶ የማይጠቅመውን ጣለ። ዋናው ሐሳብ የባላጋራ ምት ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ መቅደም፣ ጉልበትንም አለማባከን ነው። ዋታናቤ ከየታሪኩ ዓይነት የሚጠቅመውን ሲያነሣ የሠራው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ለጀግናው ይህን ስልት የመረጠውም ተገቢውን መርጦ ነው።

ስምንተኛው ክፍል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሮኮ የሚባል ጎረምሳ ስፓይክ የጠፈር መርከብ ጠላፊዎችን ሲጥል አይቶ «አስተምረኝ» እያለ ይከተለዋል። ስፓይክ የሚያስተምረው ምት አይደለም፣ መለስለስን ነው። ሮኮ ሰውነቱን ይወጥራል፣ ይቸኩላል፣ ይወድቃል። መጨረሻ ላይ ግን እውነተኛ ጠብ ውስጥ ገብቶ የተማረው ይሠራለታል፤ የመጣበትን ሰው በራሱ ጉልበት አንሥቶ ያፈርጠዋል። ደስታው ፊቱ ላይ ሲበራ ዞር ብሎ ስፓይክን ይፈልጋል። ጥይቱ የሚያገኘው ያኔ ነው። የአንድ ተራ ሌባ ተስፋ፣ ለታመመች እህቱ ያለው ፍቅርና ሞቱ በአንድ የውርወራ እንቅስቃሴ ውስጥ ገብተዋል። ንግግር ይህን አይሠራም።

እዚህ ላይ ነው አኒሜ መሆኑ የሚጠቅመው። ቢባፕ በአብዛኛው የተሠራው በእጅ ተስሎ በብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ላይ በተቀባ ሥዕል ነው፤ ኮምፒዩተር የገባው በጥቂት ቦታ ነው። ተዋናይ ሲማታ ድካሙና ክብደቱ ይገድበዋል፤ ሠዓሊ ግን የትከሻን መላላት፣ የእግርን መዘግየት፣ የሱሪን እጥፋት ሳይቀር መርጦ ይስላል። ስፓይክን ስታዩት ሰነፍ ይመስላል፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ይጎተታል፤ ምቱ ሲመጣ ደግሞ እዚያ ቦታ አይገኝም። ለአቋሙ የጃፓኑ ተዋናይ ዩሳኩ ማትሱዳ መነሻ ሆኗል።

ፍቅሩ ዋታናቤና ኖቡሞቶ ከሁሉ በላይ የቆጠቡት ነገር ነው። ስፓይክ ድሮ ሬድ ድራጎን በተባለ የወንጀል ማኅበር ውስጥ ነበር፤ ቪሸስ የሚባል ወዳጅ ነበረው፣ ጁሊያ የምትባል ሴትም ወደደ። ይህ ታሪክ በዋነኛነት የሚነገረው ከ26ቱ በአምስቱ ክፍሎች ብቻ ነው፦ በ5ኛው፣ በ12ኛው፣ በ13ኛው፣ በ25ኛውና በ26ኛው። በሌላው ጊዜ ስፓይክ ወንጀለኛ ያሳድዳል፣ ይራባል፣ ይተኛል። ጁሊያ በትዝታ ቁርጥራጭ ብቻ ብልጭ ትላለች። ስለማናውቃት እንጠብቃታለን፣ ስለምንጠብቃትም ከስፓይክ ጋር አንድ ሆነን እንናፍቃታለን።

የሌሎቹም ፍቅር እንዲሁ የቆየ ዕዳ ነው። በአሥረኛው ክፍል ጄት ጋኒሜድ በተባለችው የጁፒተር ጨረቃ ላይ፣ ከዓመታት በፊት ኪስ ሰዓት አስቀምጣ ጥላው የሄደችውን ሴት ያገኛታል። ለምን እንደሄደች ትነግረዋለች፤ ሁሉን የሚወስንላት እሱ ስለነበር የራሷን ስሕተት እንኳ ለመሥራት ፈልጋ ነው። ስንት ዓመት ይዞት የኖረውን ሰዓት ወደ ውኃው ወርውሮ ይሄዳል። ለጥይት የቆመ የሚመስል ተከታታይ ፊልም ውስጥ ለአዋቂ ሰው የተጻፈ እንዲህ ያለ የፍቅር ታሪክ ማግኘት ለእኔ ትልቁ ስጦታ ነው። ለ54 ዓመት በበረዶ ተኝታ የነቃችው የቡድኑ አባል ፌይ ቫለንታይን በ18ኛው ክፍል የሚደርሳትን የቪዲዮ ካሴት ግን አልተርክም፤ ያላየ ሰው ራሱ ይየው።

ሙዚቃው ከሥዕሉ ኋላ የተለጠፈ አይደለም። ካኖ ብዙ ጊዜ ሳትጠየቅ ሙዚቃ ትደርሳለች፣ ዋታናቤም ከሰማው ተነሥቶ ትዕይንት ይፈጥራል። ክፍሎቹ «ሴሽን» ይባላሉ፤ ርእሶቻቸውም ብሉዝ፣ ባላድ፣ ዋልትዝ እያሉ ይሄዳሉ። በአምስተኛው ክፍል ስፓይክ ከቤተ ክርስቲያን መስኮት ተወርውሮ ሲወድቅ የምንሰማው የመዘምራን ድምፅ ነው፤ መውደቁ ረዝሞ የድሮ ሕይወቱን በቁርጥራጭ ያሳየናል። ጠብ፣ ፍቅርና ሙዚቃ እዚያች መስኮት ላይ ይገጣጠማሉ።

ሥራው እዚህ የደረሰው በቀላሉ አይደለም። ዋታናቤ እንደተናገረው፣ መጀመሪያ ገንዘብ የሰጠው የባንዳይ ኩባንያ አሻንጉሊት ክፍል ነበር፤ የጠፈር መርከብ እስካለበት ድረስ ሌላው እንደ ፈቃዳችሁ ተባሉ። የተሠራውን ሲያዩት ግን ለልጆች አሻንጉሊት የሚሸጥ ስላልመሰላቸው ትተውት ወጡ፤ ባንዳይ ቪዥዋል የተባለው እህት ኩባንያ ደርሶ አዳነው። ቲቪ ቶኪዮም በ1998 ከ26ቱ 12ቱን ክፍሎች ብቻ ከአንድ ልዩ ዝግጅት ጋር አሳየ፤ ዓመፁና ይዘቱ ለሚታይበት ሰዓት ከበዱ። ሙሉው የታየው ዋዎው በተባለ የሳተላይት ጣቢያ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሴፕቴምበር 2001 አደልት ስዊም የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ማታ ማታ ሲያሳየው አኒሜን የልጆች ነገር ብለው የተዉ ብዙ ጎልማሶች ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ አሉ።

ኔትፍሊክስ በኖቬምበር 2021 ከተዋናዩ ጆን ቾ ጋር በተዋንያን የተሠራ 10 ክፍል አወጣ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ቀጣይ እንደማይኖር ተነገረ። ልብሱ፣ መርከቡ፣ የካኖ ሙዚቃ ሳይቀር ተገኝቷል። ነገር ግን ቪሸስና ጁሊያ ሰፊ ጊዜ ተሰጥቷቸው፣ የተሸሸገው ሁሉ እየወጣ ተብራራ። በመጀመሪያው ሥራ ዝምታ ይሸከመው የነበረውን ክብደት ንግግር ሊሸከመው አልቻለም፤ የወደቀው እዚያ ላይ ነው እላለሁ።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው፦ እያንዳንዱ ክፍል ወደ 24 ደቂቃ ነው፤ አብዛኛው ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ በቀን አንድ መመልከት ይቻላል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፤ የአምስተኛው ክፍል ምሥጢር የሚፈታው በመጨረሻዎቹ ሁለት ነውና። በ2001 የወጣው ሙሉ ፊልም ታሪኩ የሚገባው ከ22ኛውና ከ23ኛው ክፍል መካከል ነው፤ እዚያ ስትደርሱ አቁማችሁ ፊልሙን አይታችሁ ወደ 23ኛው ተመለሱ።