ሰማያዊ የሌለበት ገበታ፦ የዱመርሶ ቀለሞች

የሥዕል ተማሪ ቀለምን መጀመሪያ የሚተዋወቀው በቱቦ ነው። ክዳኑን ይከፍታል፣ ይጨምቃል፣ ይቀባል። ቱቦው ውስጥ ያለው ከምን እንደተሠራ፣ ለምን ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ እንደሚቀር፣ ለምንስ አንዱ ቀለም ዘመን ሲሻገር ሌላው በአንድ በጋ ፀሐይ እንደሚገረጣ የሚጠይቀው ቆይቶ ነው። አንዳንዱም ሳይጠይቅ ይመረቃል። እኔን ጥያቄው የያዘኝ ኪሴ ሲሳሳ ነው። የሠዓሊ ቀለም ውድ ነው፤ በገጠር ቀበሌ ደግሞ የሚሸጥ ማግኘት ዘበት ነው። ያለኝ አማራጭ ዱመርሶ ራሷ ምን ቀለም እንዳላት ማየት ነበር።

ዱመርሶ ከዲላ በስተደቡብ፣ በጌዴኦ ዞን በይርጋጨፌ ወረዳ የምትገኝ የቡና ቀበሌ ናት። ቡናው በእንሰቱ መካከል፣ እንሰቱ በዋንዛውና በብርብራው ጥላ ሥር ይበቅላል። ይህን የእርሻ ዘዴና በዞኑ ውስጥ የሚገኙትን ትክል ድንጋዮች ያቀፈው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለሠዓሊ ደግሞ ይህ መሬት ቀይ፣ ቢጫ፣ ቡናማና ጥቁር ያቀርባል። በየተራ እናስተዋውቃቸው።

አፈሩ

መሬቱን ቀይ ያደረገው ብረት ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት አየርና ውሃ ሲያገኘው ይዝጋል፤ ቀለሙን የሚወስነው የዝገቱ ዓይነት ነው። ሄማታይት የሚባለው ማዕድን ቀይ ነው። በውስጡ ውሃ የያዘው ጎታይት ግን ቢጫ ነው፤ ውሃ የሚተኛበት ቦታ አፈር ከተዳፋቱ ይልቅ ወደ ቢጫ የሚያደላውም ስለዚህ ነው። ቢጫውን አፈር በብረት መጥበሻ አድርገው በጋለ ከሰል ላይ ቢያምሱት፣ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ውሃው ይለቅና አፈሩ ይቀላል። ቶሎ የወረደው ብርቱካንማ፣ የቆየው ደግሞ ጥቁርማ ቀይ ይሆናል። ከአንድ ጉድጓድ የወጣ አፈር በእሳት ብቻ ብዙ ዓይነት ቀለም ይሰጣል ማለት ነው።

አዘገጃጀቱ ትዕግሥት እንጂ መሣሪያ አይጠይቅም። ሥርና የበሰበሰ ቅጠል የሚበዛበት የላይኛው አፈር ተገፎ ከሥሩ ያለው ይወሰዳል። ይደርቃል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በባልዲ ውሃ ይበጠበጣል። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ የደፈረሰው ውሃ እሱም ሳይረጋ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል። በማግስቱ ውሃው ይጠራል፤ ከታች የሚገኘው በጣት ሲዳሰስ ኮረት የሌለው ልስልስ ደለል ነው። ያ ሲደርቅ ቀለም ነው። በሱቅ ቱቦ ጀርባ በደቃቅ ፊደል «ፒ አር 102» የሚል ካለ፣ ውስጡ ያለው ይኸው የተፈጥሮ ቀይ የብረት አፈር ነው፤ «ፒ አር 101» ደግሞ በፋብሪካ የተሠራው አቻው ነው።

ሙያው በሀገራችን አዲስ አይደለም። ድሬዳዋ አጠገብ በሚገኘው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ውስጥ የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ ሰዎች ቀይና ቢጫ አፈር ይፈጩ ነበር። ከዋሻው የወጣው ከ4,000 በላይ የቀለም አፈር ቁራጭ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። መፍጫ ድንጋዮቹም አብረው ተገኝተዋል። ከሁሉም የሚገርመው ግማሽ ጎኑ ቀለም ውስጥ የተነከረ አንድ ድብልብል ጠጠር ነው፤ ተመራማሪዎች ምልክት ለማተም ሳያገለግል አልቀረም ይላሉ።

ማጣበቂያው

ደረቅ አፈር ወረቀት ላይ ቢበተን በእፍታ ይበናል። ቀለም የሚሆነው የሚያጣብቀው ሲያገኝ ነው፤ መልኩን የሚወስነውም ማጣበቂያው ነው። የግራር ሙጫ በውሃ ተሟሙቶ ሲገባበት የውሃ ቀለም ይሆናል። ከዱመርሶ ተነስቶ በሞያሌ መንገድ ወደ ቦረና ቆላ የሚወርድ ሰው ይህ ሙጫ ወደሚለቀምበት አገር ይደርሳል። ሙጫው ካነሰ ሥዕሉ ደርቆ እንኳ ጣት ያቀላል፤ ከበዛ ያብለጨልጫል፣ ይሰነጣጠቃልም። የእንቁላል አስኳል ቶሎ የሚደርቅና ጠንካራ ቀለም ያወጣል። የዘይት ቀለም ዘይት ደግሞ የተልባ ዘይት ነው፤ ተልባ ተነኖ አይደርቅም፣ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠጥራል እንጂ። የምግብ ዘይት ቢተኩበት ሥዕሉ ሳይደርቅ ሊከርም ይችላል።

እነዚህን ሦስቱን ጎን ለጎን ሲቀቡ ትምህርቱ ፍንትው ይላል። ዱቄቱ አንድ ነው፤ በሙጫ ፈዘዝ ያለ ቀይ፣ በአስኳል ሞቅ ያለ፣ በተልባ ግን እርጥብ መሬት የሚመስል ጥልቅ ቀይ ይወጣዋል። ዘይቱ በዱቄቱ ቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር ስለሚተካ ብርሃን ከላይ መበተኑን ትቶ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አፈሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የብርሃኑ መንገድ ነው።

ቡናው

በቡና አገር ተቀምጦ በቡና አለመሣል አይቻልም። ጀበናው ራሱ ደረጃ አውጥቶ ያቀርባል፦ በበረካ ሰማዩን፣ በቶና የሩቁን ኮረብታ፣ በአቦል የቅርቡን ዛፍ። ከቀላሉ ጀምሮ እየደረቀ ሲደራረብ ጥላና ርቀት ይወጣል። ለጥቁሩ ክፍል አቦሉን አሙቆ ማትነን ይበቃል። ቡናማነቱ ቡናው ሲቆላ ስኳሩና ፕሮቲኑ ተዋህደው የሚፈጥሩት ነው፤ ጥሬ ቡና ይህ ቀለም የለውም።

ቀዩ እሸት ግን ሌላ ዓለም ነው። በመኸር ጊዜ እሸት ቡና በሚፈለፈልበት ጣቢያ የሚወገደው ቀይ ቆዳ አንቶሲያኒን የተባለ ቀለም አለው፤ አበባንም ወይንንም የሚያቀላው ይኸው ነው። ቆዳው በውሃ ተዘፍዝፎ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ቀይነቱ ይጎላል። የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ይዞራል፣ ቆይቶም ወደ ቡናማ ይወርዳል። አሲድና አመድ በአንድ ፈሳሽ ላይ ሲጣሉ ማየት ለኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜም ይበቃል።

ችግሩ አለመቆየቱ ነው። ከአትክልት የሚወጣ ቀለም አብዛኛው ለፀሐይ አይበረታም። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሁሉም ቀለሞች የተቀቡበትን አንድ ወረቀት ለሁለት ቀዶ ግማሹን መጽሐፍ ውስጥ መደበቅ፣ ግማሹን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ መለጠፍ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሲገጣጠሙ የእሸቱ ቀይ ከስሞ፣ ቡናው ገርጥቶ ይታያል። አፈሩ ንቅንቅ አይልም፤ እሱ ቀድሞውኑ የዛገ ነው፣ ፀሐይ ከዚህ በላይ የምትለውጠው ነገር የላትም።

ጥላሸቱና የጠፋው ሰማያዊ

ጥቁሩ ከምጣድ ሥር ወይም ከኩራዝ ጭስ ይገኛል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለምም መሠረቱ ጥላሸት ነበር። ጥላሸት ውሃ አይወድም፤ ቢያማስሉት ተንሳፎ ይቀራል። ጥቂት አረቄ ጠብ ሲደረግበት ግን ወዲያው ይርሳል፣ ከዚያ ሙጫውን ይቀበላል። ነጩ ከጠመኔ ወይም ከጄሶ ይመጣል፤ ይህ በሙጫ ሲሆን ጥሩ ነው፣ በዘይት ግን ነጭነቱን አጥቶ ብርሃን አሳላፊ ይሆናል።

የቀረው ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ አፈር በዓለም ላይ ብርቅ ነው፤ የአውሮፓ ሠዓሊዎች በመካከለኛው ዘመን ላፒስ ላዙሊ የተባለውን ድንጋይ ከአፍጋኒስታን ያስመጡት ዋጋው ሳይገዳቸው ቀርቶ አይደለም። በዱመርሶ ደግሞ ጠዋት ጉም ሲነሳ ኮረብታው ሁሉ ሰማያዊ ነው። ታዲያ በምን ይሣላል?

መልሱ ከፓሪስ ቀለም ቤት ይመጣል። ሚሼል ሼቭረል በጎብለን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ የነበረ ኬሚስት ነው። ጥቁሩ ክር ደካማ ነው የሚል አቤቱታ ይቀርብለታል። ክሩን ቢመረምረው እንከን የለውም፤ ጥፋቱ አጠገቡ የተሸመኑት ሰማያዊና ሐምራዊ ክሮች ነው። ዓይን ቀለምን ለብቻው አያይም፣ ከጎረቤቱ ጋር እያነጻጸረ እንጂ። ሼቭረል ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አወጣው። የስዊድኑ ሠዓሊ አንደርስ ዞርን (1860–1920) ደግሞ በቢጫ አፈር፣ በቀይ፣ በጥቁርና በነጭ ብቻ በሠራቸው ሥዕሎች ይታወቃል፤ በእነሱ ውስጥ የሰማያዊን ቦታ የሚሸፍነው ጥቁሩ ነው።

በዱመርሶ አፈር ሞክሩት። ጥላሸትን በጠመኔ አቅጥናችሁ ግራጫ አድርጉ፤ ነጭ ወረቀት ላይ ግራጫ ነው። ዙሪያውን የተጠበሰውን ቀይ አፈር ስትቀቡበት ግን ግራጫው ይቀዘቅዝና ወደ ሰማያዊ ያደላል። ጉም የለበሰው ኮረብታ ሰማያዊ ጠብታ ሳይነካው ይወጣል። ቀለም ዱቄትና ማጣበቂያ ብቻ ሳይሆን ጎረቤትም ጭምር መሆኑን በቱቦ ብዛት ሠልጥኖ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ከዚህ ወዴት

አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመሠረቱትና ዛሬ ስማቸውን የያዘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲጀመር ለተማሪው የዘይት ቀለምንና የአውሮፓን የአሣሣል ሥርዓት አስተዋወቀ። እዚያው ያስተማሩት ሠዓሊዎች ግን በዚያ አልተወሰኑም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ «ጎልጎታ»ን ሲሠራ ሸራውን በቀይ ሞልቶ ቀለሙ ራሱ እንዲናገር አደረገ። እስክንድር ቦጎሲያን በዛፍ ቅርፊት ጨርቅ ላይ ሠራ። ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጥሮችን ሸራ አደረጋቸው። ሦስቱም ቁሳቁሱን የሥዕሉ ሐሳብ አካል አድርገውታል።

የእኔ ድምዳሜ ይህ ነው፦ ለሚቆይ ሥራ አፈርና ጥላሸት፣ ለንድፍና ለልምምድ ቡና፣ ለመገረም እሸት። በብዙ ትምህርት ቤት የሥዕል ክፍለ ጊዜ የሚባክነው «ቀለም የለም» እየተባለ ነው። አንድ ባልዲ ቀይ አፈር፣ አንድ እፍኝ ሙጫ፣ የምጣድ ጥላሸትና የጠመኔ ስብርባሪ ግን አንድ ክፍል ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ያሠራሉ። መምህሩ መጨመር ያለበት አንድ ሕግ ብቻ ነው፦ እያንዳንዱ ተማሪ ከሥዕሉ ጀርባ አፈሩን ከየት እንደቆፈረ፣ በምን እንዳጣበቀውና መቼ እንደቀባው ይጻፍ። ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤቱ በእጁ የሚኖረው የጌዴኦ ቀለሞች መዝገብ ነው፤ እንዲህ ያለውን መዝገብ ከሱቅ የሚገዛው የለም።