የታገደ ልብ ወለድና የንባብ ትምህርት፦ «ኦሮማይ» እንደ ማሳያ

መጽሐፍ ታገደ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው በሳንሱር ክፍል ተይዞ ከማተሚያ ቤት ሳይደርስ የቀረ ጽሑፍ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ1975 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቃው የመንግሥት ተቋም የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ሲሆን፣ ደራሲውም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበር። መጽሐፉ ለሽያጭ ከቀረበ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከየመደብሩ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ታሪኩ የተመሠረተው በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ ነው። ተራኪው ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ ለመምራት አስመራ ይወርዳል፤ በዚያም ከፊያሜታ ጊላይ ጋር በፍቅር ይወድቃል። ርእሱ በአስመራ ከጣልያንኛ የተወረሰ ቃል ሲሆን፣ ፍችውም «አበቃ፣ አከተመ» ወደሚለው ይጠጋል።

እዚህ ላይ ለንባብ መምህር ዋና የሚሆነው ነጥብ፣ መጽሐፉ በባለሥልጣናቱ ዘንድ እንዴት እንደ ተነበበ ነው። በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ የእውነተኛ ሹማምንት መልክ ስለታየ፣ ልብ ወለዱ እንደ ምስክርነት ቃል ተቆጠረ፤ የተራኪው ጥርጣሬም የደራሲው ክህደት ተደርጎ ተወሰደ። ይሁን እንጂ ተራኪው ራሱ የዘመቻው ልሳን መሆኑ፣ ማለትም የሚጠራጠረው ሰው የሚሰብከውም ሰው መሆኑ፣ የድርሰቱ ጉልበት ነው። በሌላ በኩል «ልብ ወለድ ብቻ ነው» ብሎ መከራከርም ሥራውን ማሳነስ ይሆናል፤ በዓሉ በዘመቻው ስፍራ ተገኝቶ ያየውን እንደ ጻፈ አይካድም።

እገዳ የአንድ ሥርዓት ብቻ ጠባይ አይደለም። በንጉሡ ዘመን በ1955 ዓ.ም. የወጣው የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። የቅድመ ኅትመት ሳንሱር በሕግ የቀረው በአዋጅ ቁጥር 34/1985 ነው።

«ኦሮማይ» በእገዳው ዘመን በስውር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በኋላ እንደገና ታትሟል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ወጥቷል። ዛሬ የሚያነበው ተማሪ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ከመጽሐፉ ጥቂት ገጾች ብቻ ቢቀርቡለት የፍቅር ታሪክ መስሎት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከምንባቡ ጋር ሦስቱ ዓመታት፣ 1974፣ 1975 እና 1976፣ ቢሰጡት ይበጃል። ቀጥሎ አንድ ምዕራፍ መርጦ የተራኪውን ቃል፣ የሌሎችን ገጸ ባሕርያት ንግግርና የደራሲውን አቋም ለየብቻ እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ቢቀር ወይም ተማሪዎች ቢለያዩበት መምህሩ ለመሙላት አይቸኩል። ከክፍሉ ውስጥ በዚያ ጦርነት ወላጅ ወይም አያት ያጣ ልጅ ሊኖር እንደሚችል ግን አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።