ጓሳና ቄሮ

እኔ ባደግሁበት በመካነ ሰላም ደጋ ጓሳን የማያውቅ ሰው የለም፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ ለዝናም ገሳ የሚሠራበት ሣር ነው። አባቴ ቤቱን ሲያስከድን ነዶውን ከሥር ሆኜ የማቀብል እኔ ነበርሁና፣ የበሰለ ጓሳ ጠንክሮ መዳፍ የሚፈትግ፣ ያለ ጊዜው የታጨደው ግን ልፍስፍስ ብሎ ቶሎ የሚበሰብስ መሆኑን የተማርሁት በገዛ እጄ ነው።

በመንዝ ጓሳ የቦታም ስም ነው። ይኸውም ከባሕር ወለል 3200 ሜትር በላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ውርጫም ምድር ነው። በ17ኛው ምእት ዓመት አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች እንደ ያዙት፣ የአጠባበቁም ሥርዓት ከእነርሱ ዘመን እንደ መጣ በትውፊት ይነገራል። የሥርዓቱ ስም ቄሮ ነው።

ብዙ የተማሩ ሰዎች የጋራ መሬት ሲባል ባለቤት የሌለው ጠፍ መሬት ይመስላቸዋል፤ ይህን ስሕተት በሰማሁ ቁጥር አዝናለሁ። ጓሳ በአጽመ ርስት የተያዘ፣ ባለመብቱ ከሁለቱ አባቶች በሚቈጠር የትውልድ ሐረግ የሚታወቅ ነበር። አባ ቄራ በሚባል ሹም የሚጠበቀው ምድር ሣሩ እስኪበስል ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ያህል ተዘግቶ ይቈይ ነበር፤ ሽማግሌዎች መድረሱን አይተው ሲስማሙ በበጋ፣ በየካቲት ገደማ ይከፈት ነበር፤ ያን ጊዜ ባለመብቱ ሁሉ ማጭዱን ስሎ፣ አህያውን ነድቶ ይወጣ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ፣ በሐምሌ አቦ፣ ምድሩ ዳግመኛ ይዘጋ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም ከሕጉ ጀርባ ነበረችና፣ ውግዘቷን የሚፈራ ሕዝብ በጨለማም ቢሆን ወደ ተከለከለው ሣር እጁን ለመዘርጋት ይሠቀቅ ነበር። ሣሩን በማጭድ እንደ መቍረጥ ከነሥሩ እየነቀሉ የሚወስዱ የዛሬ ሰዎች ይህን ቢያስተውሉት ምንኛ በወደድሁ!

ይህን የመንዝ ሕግ ከሌላ ጋር ለማነጻጸር ያህል፣ በዚያው በ17ኛው ምእት ዓመት፣ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1670፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርለስ በሰሜን አሜሪካ የአውሬ ጠጕራም ቆዳ ለሚነግደው ለሀድሰን ቤይ ኩባንያ የሰጠው ቻርተር፣ ኩባንያው ለግዛቱ ሕግ እንዲያወጣ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ሕጉ ግን የእንግሊዝን ሕግ እንዳይቃረን ታዝዟል። የዚያ ሕግ ምንጭ ከውቅያኖስ ማዶ ያለ ማኅተም ነበር፤ የመንዙ ግን ሣሩን ራሳቸው ከሚያጭዱት ሰዎች የወጣ ነው። በብራና ያልተጻፈውን ሁሉ ሕግ አይደለም የሚል ሰው ይህን ልዩነት ቢመረምር መልካም ነው።

የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስቱንም የአባ ቄራንም ሥልጣን ሻረ፤ ሣሩም ከልክ በላይ ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ በየገበሬ ማኅበሩ ተሰብስቦ ጥበቃውን እንደ ገና ሲያቆም፣ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆኑትም፣ በፊት ከጓሳው ድርሻ ያልነበራቸው ጎረቤቶች፣ አብረው ገቡበት።