ሳይንቀሳቀስ የሚያተኩር ሌንስ

ዓይናችሁን ከዚህ ገጽ ላይ አንሥታችሁ በመስኮት በኩል ሩቅ ያለ ዛፍ ተመልከቱ። ዛፉ ጠርቶ የታያችሁ የዓይናችሁ ሌንስ ቅርጹን ስለለወጠ ነው። የፎቶግራፍ ካሜራ ደግሞ ሌንሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሰ ያተኩራል። ይሁን እንጂ የሚንቀሳቀስ አካል ክብደት አለውና ጊዜ ይፈጃል። ታዲያ ምንም ሳይንቀሳቀስ የሚያተኩር ሌንስ መሥራት ይቻል ይሆን?

ብርሃን ወደ መስታወት ወይም ወደ ክሪስታል ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በስንት እጅ እንደቀነሰ የሚነግረን ቁጥር የስብረት አኃዝ ይባላል። ስኮትላንዳዊው ጆን ኬር እ.ኤ.አ. በ1875፣ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፖክልስም በ1893 እንዳሳዩት፣ ይህን አኃዝ በኤሌክትሪክ መስክ መለወጥ ይቻላል። ስለሆነም በክሪስታሉ መካከልና ዳር ያለው መስክ እንዲለያይ ኤሌክትሮዶችን ብናሰናዳ፣ ጠፍጣፋው ክሪስታል እንደ ጎባጣ ሌንስ ብርሃንን ይሰበስባል። ቮልቴጁ ሲለወጥ የትኩረቱም ርቀት ይለወጣል።

«እንዲህ ከሆነ በካሜራዎቻችን ውስጥ ለምን አልገባም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱን በስሌት እንፈልገው። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የሊቲየም ናዮቤት ክሪስታል እንውሰድ። 1,000 ቮልት ብንሰጠው፣ 2.2 ገደማ የሆነው የስብረት አኃዙ የሚለወጠው በ0.00016 ያህል ብቻ ነው። በመካከሉና በዳሩ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ቢሆን እንኳ፣ ብርሃኑ የሚሰበሰበው ከ80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። ውፍረቱና ይህ ልዩነት ሳይለወጡ የሌንሱን ስፋት እጥፍ ብናደርግ ደግሞ ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለካሜራ የሚበቃ ሰፊ ሌንስ መሥራት የሚያዳግተው ስለዚህ ነው።

የጃፓኑ ኤን.ቲ.ቲ. ኩባንያ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ መረጡ። ፖታሲየም፣ ታንታለምና ናዮቢየም በያዘው፣ ኬ.ቲ.ኤን. በተሰኘው የኦክሳይድ ክሪስታል፣ በሴኮንድ ሚሊዮንኛ ገደማ ትኩረቱን የሚለውጥ ሌንስ ሠሩ። ይህ ክሪስታል ውስጣዊ አደረጃጀቱ ከሚለወጥበት የሙቀት መጠን ጥቂት ከፍ ሲል፣ ለኤሌክትሪክ መስክ የሚሰጠው ምላሽ እጅግ ይበረታል። ነገር ግን ሙቀቱ በጥቂቱ ሲዋዥቅ ምላሹም አብሮ ስለሚዋዥቅ፣ ሙቀቱን ያለማቋረጥ መቆጣጠር ግድ ይላል።

እንግዲህ ይህ ሌንስ የካሜራውን ሌንስ የሚተካ አይደለም። ቦታው የብርሃኑ ጨረር ቀጭን ሆኖ ፍጥነት በሚፈለግበት ዘንድ ነው፤ ለምሳሌ የሌዘር ጨረርን ትኩረት በናሙና ውስጥ ከአንዱ ጥልቀት ወደ ሌላው በቅጽበት ለማዛወር ያገለግላል። እዚያ ዘንድ የሌንሱ ጠባብነት እንቅፋት አይሆንም።